የተሽከርካሪ ማሻሻያና የመድን ውል፦ ባለንብረቶች ሊያውቋቸው የሚገቡ ጉዳዮች

ደብረ ታቦር፦ የድንች ምርት በሚነሣበት ወቅት ከፋርጣ ወረዳና ከጉና ተራራ ግርጌ ተነሥተው ወደ ወረታ ከሚወርዱ የጭነት መኪኖች መካከል ከፋብሪካ በወጡበት መልክ የማይገኙ አሉ። የአንዱ ስፖንዳ በብየዳ ከፍ ተደርጓል፤ በሌላው የኋላ እግር ላይ ባሌስትራ ተደርቧል፤ በሦስተኛው ግንባር ላይ ፓውዛ ተደርድሯል። በከተማ ተጨማሪ መቀመጫ የተበየደላቸው ባጃጆች፣ በፎገራ ሜዳ ደግሞ ለእርሻ ተገዝተው ተሳቢ የተቀጠለላቸው ትራክተሮች ያጋጥማሉ።

ለባለንብረቱ እንዲህ ያለው ለውጥ ገቢ ማሳደጊያ ወይም ከአካባቢው መንገድ ጋር መላመጃ ነው። ለመድን ድርጅቱ ግን ውል ሲፈረም ከተገለጸለት የተለየ ተሽከርካሪ ነው። ለውጡ ለድርጅቱ ካልተገለጸ፣ አደጋ በደረሰ ጊዜ ባለንብረቱ ለዓመታት አረቦን የከፈለበት ውል ካሳውን ሊቀንስበት፣ ሲከፋም ፈጽሞ ሊያሳጣው ይችላል። በባንክ ብድር አይሱዙ ለገዛ ቤተሰብ ይህ ማለት መኪናው ጠፍቶ ዕዳው ብቻ ቀረ ማለት ነው። ጉዳቱን ለማስቀረት የሚያስፈልገው ደግሞ ብዙ ጊዜ አንድ ገጽ ደብዳቤና ተመጣጣኝ ተጨማሪ ክፍያ ነው።

መድን የተገባለት የትኛው ተሽከርካሪ ነው?

ባለንብረቱ የመድን ማመልከቻ ቅጽ ሲሞላ የተሽከርካሪውን ዓይነት፣ የሠሌዳ ቁጥር፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥር፣ የተሠራበትን ዘመን፣ የመጫን አቅም ወይም የመቀመጫ ብዛት፣ የአገልግሎቱን ዓይነትና የገንዘብ ግምቱን ያሰፍራል። የመድን ድርጅቱ አረቦኑን የሚያሰላው በእነዚህ መረጃዎች ነው። 50 ኩንታል እንዲጭን ተመዝግቦ 80 ኩንታል እንዲይዝ የተበየደ መኪና፣ ወይም በቤት አውቶሞቢልነት ተመዝግቦ ሰው በክፍያ የሚያመላልስ መኪና፣ አረቦኑ ሲሰላ ከታሰበው በላይ ለአደጋ የተጋለጠ ነው።

በዚህ ረገድ በባለንብረቶች ዘንድ ሦስት የተሳሳቱ እሳቤዎች አሉ። የመጀመሪያው «ዓመታዊ ምርመራ አልፎ ቦሎ ተለጥፎለታል፤ ስለዚህ ችግር የለውም» የሚለው ነው። ቦሎ ተሽከርካሪው በምርመራው ዕለት የነበረውን የቴክኒክ ብቃት የሚመለከት እንጂ ለመድን ድርጅቱ የሚደርስ ማስታወቂያ አይደለም። ሁለተኛው «የድርጅቱ ሠራተኛ መኪናውን በዓይኑ አይቶታል» የሚለው ነው። የመድን ውል የጽሑፍ ውል በመሆኑ በቃል የተነገረን ወይም በዓይን የታየን ነገር በኋላ ማስረዳት ከባድ ነው። ሦስተኛው «ማሻሻያው መኪናውን አጠነከረው እንጂ አልጎዳውም» የሚለው ሲሆን፣ ለውጡ ስጋትን ይጨምር አይጨምር የሚመዝነው በቅድሚያ መድን ሰጪው መሆኑን ይዘነጋል።

ሕጉ ምን ይላል?

የመድን ውልን የሚገዛው መሠረታዊ ሕግ የ1952 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ሕግ ነው። በ2013 ዓ.ም. አዲስ የንግድ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 1243 ቢወጣም፣ የመድን ውልን የሚመለከተው የቀድሞው ሕግ ክፍል ሥራ ላይ እንዳለ ቀጥሏል። ለዚህ ጉዳይ ሦስት አንቀጾች ቁልፍ ናቸው።

አንቀጽ 667 መድን የሚገባው ሰው ውሉ ሲደረግ መድን ሰጪው ስጋቱን ለመመዘን የሚያስችሉትንና እርሱ የሚያውቃቸውን ሁኔታዎች በትክክል እንዲገልጽ ያስገድዳል። ገና ሲገዛ ስፖንዳው ከፍ ብሎ የነበረ መኪና ይህ ሁኔታ በማመልከቻው ላይ ሊገለጽ ይገባል።

አንቀጽ 668 ይህን ግዴታ አለመወጣት የሚያስከትለውን ውጤት ይደነግጋል። መድን ገቢው ሆን ብሎ የደበቀው ወይም ሐሰት የተናገረው ጉዳይ መድን ሰጪው ቢያውቀው ኖሮ ውሉን እንዳይፈጽም ወይም ከፍ ያለ አረቦን እንዲጠይቅ የሚያደርግ ከሆነ ውሉ አይጸናም። አለመግለጹ ታስቦ የተደረገ ካልሆነ ግን ውሉ ወዲያው አይፈርስም። ጉዳዩ ከአደጋ በፊት ከታወቀ መድን ሰጪው አረቦኑን አስተካክሎ መቀጠል ወይም አስቀድሞ አስታውቆ ውሉን ማቋረጥ ይችላል። ከአደጋ በኋላ ከታወቀ ደግሞ ካሳው በተከፈለው አረቦንና መከፈል በነበረበት አረቦን ልክ ይቀነሳል።

አንቀጽ 669 ውሉ ከተፈረመ በኋላ የስጋት መጠን ሲጨምር መድን ገቢው እንዲያስታውቅ ያዛል። በጋራዥ የሚደረጉ ማሻሻያዎች በአብዛኛው የሚወድቁት በዚህ አንቀጽ ሥር ነው። መድን ድርጅቶች በውላቸው ውስጥ የማስታወቂያውን ጊዜና መንገድ የሚወስን ሐረግ ስለሚያስገቡ፣ ባለንብረቱ የራሱን ውል ማንበብ ወይም ማስነበብ ይገባዋል።

በበይነ መረብ ከሌሎች ሀገሮች የሚገኝ ምክር በዚህ ጉዳይ ሊያሳስት እንደሚችል ማወቅም ይጠቅማል። በብሪታንያ ለምሳሌ እ.አ.አ. በ2012 የወጣ ሕግ ለግል ጉዳዩ መድን የሚገባ ሰው ከድርጅቱ ለሚቀርቡለት ጥያቄዎች በጥንቃቄ መመለስን እንጂ ያልተጠየቀውን ሁሉ ራሱ አስቦ መግለጽን አይጠብቅበትም። የኢትዮጵያ ንግድ ሕግ ግን የመግለጽን ሸክም በመድን ገቢው ላይ የጣለ ነው። «አልተጠየቅሁም» የሚለው መልስ እዚህ ሀገር ደካማ መከራከሪያ ነው።

ሁለቱ የመድን ዓይነቶች

የሦስተኛ ወገን መድን በ2000 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 559 ግዴታ የሆነ ሲሆን፣ በ2005 ዓ.ም. ይህንኑ አዋጅ የተካ አዋጅ ቁጥር 799 ወጥቷል። ዓላማው በተሽከርካሪ አደጋ የተጎዱ ሌሎች ሰዎች ያለ ካሳ እንዳይቀሩ ማድረግ ነው። ይህ መድን የባለንብረቱን መኪና አይጠግንም።

ሙሉ ሽፋን የሚባለው መድን በፈቃደኝነት የሚገባ ሲሆን በግጭት፣ በመገልበጥ፣ በእሳትና በስርቆት በራሱ በተሽከርካሪው ላይ የሚደርስን ጉዳት ይሸፍናል። ያልተገለጸ ማሻሻያ ባለንብረቱን በቀጥታ የሚጎዳው በዚህኛው ነው። መኪናውን ያጣው ባለንብረት ካሳ ጠያቂ ሆኖ ሲቀርብ የድርጅቱ ገማች የተሽከርካሪውን ስብርባሪ ከሊብሬውና ከመድን ውሉ ጋር ያመሳክራል። የተደረበ ባሌስትራ፣ የተቀጠለ ሻንሲ፣ የማይመሳሰል የሞተር ቁጥር ከዚህ ምርመራ አያመልጥም።

መገለጽ ያለባቸው ለውጦች

*የጭነት አቅምን የሚነኩ።* ስፖንዳ ከፍ ማድረግ፣ ባሌስትራ መደረብ፣ ሻንሲ መቀጠል፣ ከተፈቀደው የተለየ መጠን ያለው ጎማና ቸርኬ መግጠም፣ ተሳቢ መቀጠል በዚህ ይመደባሉ። በደቡብ ጎንደር መንገዶች ላይ ከሁሉም በላይ ትኩረት የሚሹት እነዚህ ናቸው። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ በ2,700 ሜትር ገደማ፣ ወረታ ደግሞ በ1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በመካከላቸው ባለው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ የተጫነ መኪና 900 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል። የተደረበ ባሌስትራ መኪናው በጭነት እንዳይቀመጥ ያደርጋል እንጂ ፍሬኑን፣ አክስሉንም ሆነ መሪውን አያጠነክርም። ጭነቱ ሲበዛ ፍሬኑ ይግላል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ የመያዝ ኃይሉ ይደክማል። ስፖንዳ ከፍ ሲልም የጭነቱ ክብደት ወደ ላይ ስለሚወጣ መኪናው በጥምዝ መንገድ ላይ የመገልበጥ ዝንባሌው ይጨምራል። መድን ድርጅት ስለነዚህ ለውጦች የሚጠይቀው ለዚህ ነው።

*የመቀመጫ ብዛትን የሚነኩ።* ሚኒባስ ላይ የሚጨመር ወንበር፣ ባጃጅ ላይ ከሾፌሩ ጎን ወይም ከኋላ የሚበየድ አግዳሚ፣ የጭነት መኪናን ሰው እንዲጭን ማመቻቸት ይገኙበታል። ለተሳፋሪ የሚገባ ሽፋን በሊብሬው ላይ በሰፈረው የመቀመጫ ቁጥር ልክ የሚሰላ በመሆኑ፣ በተጨመረው ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰው በስሌቱ ውስጥ የለም። ወንበር መጨመር ከመድን አስቀድሞ የመዝጋቢውን አካል ፈቃድ የሚጠይቅ ጉዳይ ነው፤ ያለ ፈቃድ የተጨመረን ወንበር ለመድን ድርጅት ማሳወቅ ብቻውን ሕጋዊ አያደርገውም።

*ሞተርና የኃይል ምንጭ።* የደከመን ሞተር በሌላ መተካት የተለመደ ነው። አዲሱ ሞተር የራሱ ቁጥር ስላለው በሊብሬውም በመድን ውሉም ላይ ካልተስተካከለ ተሽከርካሪው ሲሰረቅም ሆነ ሲጋጭ የማንነት ጥያቄ ያስነሣል። ከቤንዚን ወደ ናፍጣ፣ ወደ ጋዝ ወይም ወደ ኤሌክትሪክ መቀየር ደግሞ የእሳት ስጋቱን ጭምር ይለውጣል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ ነባር መኪናን አድሶ ማቆየት ይበልጥ አስፈላጊ እየሆነ በመምጣቱ፣ ይህ ነጥብ ለከተማ ነዋሪዎችም ትኩረት የሚገባው ነው።

*የኤሌክትሪክ መስመር ጭማሪ።* ፓውዛ፣ ተጨማሪ ጥሩንባ፣ ከፍተኛ ድምፅ ያለው ቴፕና የስልክ መሙያዎች ያለ ፊውዝ በቀጥታ ከባትሪ ሲሳቡ የሽቦ መጋልና ቃጠሎ ሊያስከትሉ ይችላሉ። የእሳት አደጋ ሲመረመር መነሻው ብዙ ጊዜ የሚፈለገው በሽቦዎቹ ላይ ነው።

*ውጫዊ አካልና ቀለም።* የፊት መከላከያ ብረት፣ ፖርቶ መጋላ፣ የመስታወት ማጥቆሪያና የቀለም ለውጥ ቀላል ቢመስሉም፣ ቀለም በሊብሬ ላይ የሚመዘገብ መለያ ነው። የተጨመሩት ዕቃዎች በራሳቸው ዋጋ ያላቸው በመሆኑም በውሉ ካልተጻፉ ሲሰረቁ ወይም ሲሰበሩ አይከፈልባቸውም።

*የአገልግሎት ለውጥ።* ይህ ብየዳ የማይነካው፣ ነገር ግን ከማሻሻያ እኩል የሚመዝን ጉዳይ ነው። ለቤት አገልግሎት የተመዘገበን መኪና በክፍያ ለሰው ማመላለሻ ማዋል፣ ለእርሻ ሥራ ብቻ መድን የተገባለትን ትራክተር በዋና መንገድ ላይ ሩዝ ወይም ድንጋይ ለማመላለስ ማሠማራት፣ መኪናን ለሌላ ሰው ማከራየት በሙሉ ሊገለጹ ይገባል። በትራክተር ተሳቢ ላይ ሰው መጫን ደግሞ በማስታወቂያ የሚስተካከል ሳይሆን መቅረት ያለበት ተግባር ነው።

*ደኅንነትን የሚያሻሽሉ።* የጉዞ መከታተያ፣ የፍጥነት መገደቢያ፣ የስርቆት መከላከያ ደወልና ለአካል ጉዳተኛ አሽከርካሪ የሚገጠም የእጅ መቆጣጠሪያም ይገለጻሉ። እነዚህ ስጋትን ሊቀንሱ ስለሚችሉ ባለንብረቱ አረቦኑ እንዲቀነስለት መጠየቅ ይችላል፤ መቀነሱ ግን በድርጅቱ ውሳኔ ላይ የተመሠረተ ነው።

በአንጻሩ መደበኛ ጥገና ማስታወቂያ አያስፈልገውም። ዘይትና የፍሬን ሸራ መቀየር፣ ያረጀን ጎማ በተመሳሳይ መጠን መተካት፣ የሞተን ባትሪ በተመሳሳይ መለወጥ ተሽከርካሪውን ወደ ነበረበት ይመልሱታል እንጂ ሌላ አያደርጉትም። ባለንብረቱ ሲጠራጠር ግን መጠየቅ ይሻላል።

የገንዘብ ልኩ በምሳሌ

አለመግለጽ የሚያስከትለውን ኪሳራ ለማየት የሚከተለው ስሌት ይረዳል። ቁጥሮቹ ለማስረጃነት የቀረቡ እንጂ የአንድም ድርጅት ዋጋ አይደሉም።

አንድ ባለንብረት በዓመት 40,000 ብር አረቦን ይከፍላል። ስፖንዳው ከፍ ማለቱና ባሌስትራው መደረቡ ቢገለጽ ኖሮ አረቦኑ 50,000 ብር ይሆን ነበር። መኪናው ተገልብጦ 600,000 ብር የሚያወጣ ጉዳት ደረሰበት። አለመግለጹ ያለ ክፉ ሐሳብ የተፈጸመ ነው ተብሎ ከተወሰነ፣ ካሳው ከአምስት እጅ አራት እጁ፣ ማለትም 480,000 ብር ይሆናል። ባለንብረቱ 10,000 ብር ለማትረፍ 120,000 ብር ከኪሱ ያወጣል። አለመግለጹ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው ከተባለ ደግሞ 600,000 ብሩ በሙሉ በእርሱ ላይ ይወድቃል።

ሁለተኛው ኪሳራ ከገንዘብ ግምት ጋር ይያያዛል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ሥርዓቱ በገበያ እንዲመራ ከተደረገ ወዲህ ብር በውጭ ገንዘቦች አንጻር ቀንሷል፤ ከውጭ የሚገቡ ተሽከርካሪዎችንና መለዋወጫዎችን ለመተካት የሚጠይቀው ብርም በዚያው ልክ ከፍ ብሏል። በዚህ ላይ የማሻሻያው ወጪ ሲታከል መኪናው በውሉ ላይ ከተጻፈው እጅግ የላቀ ዋጋ ሊያወጣ ይችላል። 3 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ መኪና በ1 ሚሊዮን 800 ሺህ ብር ብቻ መድን ከተገባለት ሽፋኑ 60 በመቶ ነው። በዚህ መኪና ላይ 500,000 ብር ጉዳት ቢደርስ ድርጅቱ 300,000 ብር ይከፍላል፤ ቀሪውን ባለንብረቱ የራሱ መድን ሰጪ እንደ ሆነ ተቆጥሮ ይሸፍናል። ስለዚህ ማሻሻያ ሲገለጽ የገንዘብ ግምቱም አብሮ መስተካከል አለበት።

በብድርና በኪራይ የተገኙ ተሽከርካሪዎች

በባንክ ብድር የተገዛ መኪና ለዕዳው መያዣ በመሆኑ ባንኩ በመድን ውሉ ላይ የጥቅም ተጋሪ ሆኖ ይጻፋል። በእንዲህ ያለ መኪና ላይ ለውጥ ለማድረግ የባንኩን ፈቃድ በጽሑፍ ማግኘት ያስፈልጋል፤ ሊብሬውን ለማስተካከልም የባንኩ ትብብር ይጠየቃል። ትራክተር፣ መውቂያ ወይም ሌላ መሣሪያ በካፒታል ዕቃ ኪራይ ያገኙ አርሶ አደሮች ደግሞ ክፍያው እስኪጠናቀቅ የመሣሪያው ባለቤት አከራዩ ድርጅት መሆኑን ማስታወስ አለባቸው። ተከራዩ ያለ ፈቃድ የሚያደርገው ለውጥ የመድኑን ብቻ ሳይሆን የኪራይ ውሉንም ጭምር አደጋ ላይ ይጥላል።

በገጠር ቀበሌ የሚኖር ባለንብረት መኪናውን ለሾፌር ሰጥቶ በሚያሠራበት ጊዜ ሌላ ችግር ይፈጠራል። ሾፌሩ ገቢ ለማሳደግ በመንገድ ላይ ስፖንዳ አስበይዶ ወይም ፓውዛ አስተክሎ ባለንብረቱ ላያውቅ ይችላል። ሕጉ ባለንብረቱ የሚያውቀውን እንዲገልጽ ቢልም፣ «አላውቅም ነበር» ብሎ መከራከር ጊዜና ገንዘብ ይፈጃል። ከሾፌሩ ጋር በሚደረገው የሥራ ውል ላይ «ያለ ባለንብረቱ የጽሑፍ ፈቃድ በተሽከርካሪው ላይ ምንም ለውጥ አይደረግም» የሚል ሐረግ ማስገባትና መኪናውን በየጊዜው በአካል ማየት ይህን ክርክር ያስቀራል።

አገላለጹ በቅደም ተከተል

አንደኛ፣ ከብየዳው በፊት መጠየቅ። የተሽከርካሪ መለያ፣ ምርመራና ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 681/2002 የሚመራ በመሆኑ፣ በሊብሬ ላይ የሰፈረን ነገር የሚለውጥ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ተሽከርካሪው የተመዘገበበትን መሥሪያ ቤት ማነጋገር ይገባል። መዝጋቢው የማይፈቅደውን ለውጥ መድን ድርጅት ሊሸፍነው አይችልም።

ሁለተኛ፣ ለመድን ድርጅቱ ቅርንጫፍ በጽሑፍ ማስታወቅ። ደብዳቤው በሁለት ቅጂ ተዘጋጅቶ አንደኛው ቀን፣ ፊርማና ማኅተም ተደርጎበት ለባለንብረቱ ይመለሳል። መኖሪያው ሩቅ የሆነ ባለንብረት በገበያ ቀን ወደ ከተማ ሲመጣ ሊፈጽመው የሚችለው ጉዳይ ነው።

ሦስተኛ፣ ማስረጃ መያዝ። ከሥራው በፊትና በኋላ የተነሡ ፎቶግራፎች፣ የጋራዡ ደረሰኝ፣ የተገዙ ዕቃዎች ደረሰኝ፣ ሞተር ከተለወጠ የአዲሱ ሞተር የግዥ ሰነድ ይያያዛሉ።

አራተኛ፣ የድርጅቱን ምላሽ በጽሑፍ መቀበል። ድርጅቱ ለውጡን ከተቀበለ የውሉ አካል የሚሆን ማሻሻያ ሰነድ ይሰጣል፤ ተጨማሪ አረቦን ካለም ደረሰኝ ይቆርጣል። ባለንብረቱ ማሻሻያ ሰነዱን እስኪይዝ ድረስ ጉዳዩ አልተጠናቀቀም። ሰነዱ ለውጡን በትክክል መግለጹንም ማረጋገጥ አለበት።

አምስተኛ፣ ሊብሬውን ማስተካከልና ቅጂውን ለመድን ድርጅቱ ማስገባት።

ለማስታወቂያው የሚከተለው ናሙና ሊያገለግል ይችላል።

ቀን፦ ……………
ለ …………… መድን ድርጅት፣ …………… ቅርንጫፍ
ጉዳዩ፦ በተሽከርካሪ ላይ የተደረገ ለውጥን ስለማስታወቅ
በውል ቁጥር …………… መድን የተገባለት፣ የሠሌዳ ቁጥሩ ……………፣ የሻንሲ ቁጥሩ ……………፣ የሞተር ቁጥሩ …………… በሆነው ተሽከርካሪዬ ላይ ከ …………… ቀን ጀምሮ የሚከተለው ለውጥ የተደረገ/የሚደረግ መሆኑን አስታውቃለሁ፦ ……………። ለውጡ የተሠራው በ …………… ጋራዥ ሲሆን ወጪው …………… ብር ነው። የተሽከርካሪው አሁናዊ ግምት …………… ብር እንዲሆን እጠይቃለሁ። ይህ ለውጥ በውሉ ላይ ተመዝግቦ ማሻሻያ ሰነድ እንዲሰጠኝ፣ ተጨማሪ አረቦን ካለም እንዲገለጽልኝ በአክብሮት አመለክታለሁ። የፎቶግራፍና የደረሰኝ ቅጂ …………… ገጽ ተያይዟል።
ስምና ፊርማ፦ ……………

ለውጡ ቀደም ብሎ ተደርጎ ሳይገለጽ ከቆየ

ማሻሻያው ከዓመት ወይም ከሁለት ዓመት በፊት የተደረገ ከሆነ ባለንብረቱ «አሁን ብናገር ይቀጡኛል» ብሎ መሸሸግ የለበትም። ከአደጋ በፊት ራሱ ቀርቦ ሲገልጽ ሊገጥመው የሚችለው የአረቦን ጭማሪ፣ ቢበዛም የውል መቋረጥ ነው። የተቋረጠ ውል በሌላ ድርጅት ሊተካ ይችላል። ከአደጋ በኋላ ሲደረስበት ግን የሚታጣው ራሱ ካሳው ነው። ዝምታው በቆየ ቁጥርም «ሆን ተብሎ የተደበቀ ነው» የሚለው ክርክር ይጠነክራል። ዓመታዊው ዕድሳት ለዚህ አመቺ ጊዜ ነው፤ አደጋ ግን ዕድሳትን ስለማይጠብቅ ወዲያውኑ መግለጽ ይመረጣል።

ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰውም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን፣ የመቀመጫውን ብዛትና ቀለሙን ከሊብሬው ጋር ማመሳከር፣ በሚያምነው መካኒክ ባሌስትራውንና የብየዳ ቦታዎችን ማስፈተሽ አለበት። የቀድሞው ባለቤት ያደረገው ለውጥ በአዲሱ ባለቤት ማመልከቻ ላይ ካልሰፈረ ጣጣው የሚተርፈው ለአዲሱ ባለቤት ነው። የቀድሞው ባለቤት መድን ለገዢው በራሱ ይተላለፋል ብሎ መተማመንም አይገባም።

አደጋ ሲደርስና ካሳ ሲከለከል

አደጋ ሲደርስ ከሁሉ በፊት የሰው ሕይወት ይቀድማል። ቀጥሎ ለትራፊክ ፖሊስና በውሉ በተወሰነው ጊዜ ውስጥ ለመድን ድርጅቱ ማስታወቅ ያስፈልጋል። ከአደጋ በኋላ የተደረበን ባሌስትራ አስፈትቶ ማስወገድ ወይም ወንበር ነቅሎ መደበቅ ነገሩን ያባብሰዋል፤ ባለማወቅ የተደረገ ስሕተት ሆን ተብሎ ወደ ተፈጸመ ማታለል ሊለወጥ ይችላል።

ድርጅቱ ካሳውን ከከለከለ ወይም ከቀነሰ ባለንብረቱ ምክንያቱ የውሉ አንቀጽ ተጠቅሶ በጽሑፍ እንዲሰጠው መጠየቅ ይችላል። ለመቀነስ የተሠራበት ስሌትም ሊገለጽለት ይገባል። ጉዳዩን ለድርጅቱ የበላይ ኃላፊ ማቅረብ የመጀመሪያው እርምጃ ነው። የመድን ድርጅቶችን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በመሆኑ አቤቱታ ለእርሱም ማቅረብ ይቻላል። ከዚህ ካለፈ በውሉ ላይ የግልግል ዳኝነት ከተስማሙ በዚያ፣ አለበለዚያ በፍርድ ቤት ይታያል። በንግድ ሕጉ መሠረት ከመድን ውል የሚመነጭ ክስ በ2 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ስለሚታገድ፣ ድርድሩ ተራዝሞ ጊዜው እንዳያልፍ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ባለንብረቶች ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ሊብሬውንና የመድን ውሉን ይዘው ከተሽከርካሪው አጠገብ በመቆም ሦስቱን ቢያመሳክሩ መልካም ነው። የሞተር ቁጥሩ፣ የመጫን አቅሙ፣ የወንበሩ ብዛት፣ ቀለሙ፣ አገልግሎቱና ግምቱ በሦስቱም ዘንድ አንድ ከሆነ ውሉ በሥራ ላይ ነው። አንዱ እንኳ ከተለያየ መኪናው ቀጣዩን ጭነት ከመጫኑ በፊት ደብዳቤው መጻፍ አለበት።